ነጩ ሥር

ጆንያዎቹ ከጭነት መኪናው ላይ ሲራገፉ አንደኛው የመጋዘኑ በር ላይ ያለ ሚስማር ያዘውና ተቀደደ፤ ሥሮቹ ሲሚንቶው ላይ ተዘረገፉ። ተረካቢዋ፣ «ደብተር» የሚሏት ሴት፣ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳችና በሁለት እጇ ቀጨችው። ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ሌላ አንስታ ሰበረች፤ ነጭ። አምስት ስድስት ያህል ሰበረች፤ ሁሉም ነጭ። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፤ ከአፈር ሽታ በቀር ምንም የለውም።

«ጎደለ እንዴ?» አላት የሚያራግፈው ሰውዬ።

«ኧረ አልጎደለም» አለች።

የመረከቢያው ወረቀት ላይ «የቁስል አድርቅ ሥር፣ በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። እነዚያ ሥሮች ለምንም እንደማይረቡ በዚያ ግቢ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ፊርማዋን ስታኖር የቀድሞ አለቃዋን ዶክተሩን ገደል አፋፍ ላይ እያቆመችው እንደሆነም አሳምራ ታውቃለች።

ደብተር እውነተኛ ስሟ አይደለም። በዕፀዋት ምርምር ተቋሙ ላብራቶሪ ዘጠኝ ዓመት በቴክኒሻንነት ስትሠራ ያየችውን ሁሉ ስለምትጽፍ ባልደረቦቿ ያወጡላት ቅጽል ነው። የቅጠሉን ቀለም፣ የውሃውን ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው ስንት ሰዓት ላይ እንዳንኳኳ ሳይቀር ትጽፋለች። «ሻይ ስትጠጪም ትጽፊያለሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል። «ስኳሩን ማን እንደጨረሰው እጽፋለሁ» ትላቸዋለች።

ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስቷ መድኃኒት አዋቂ ነበረች። ገበያው ጥግ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ብልቃጦቿን ደርድራ ለሚያስለውም፣ ለሚያሳክከውም፣ ቁስል አልሽር ላለውም ትሰጣለች። የማታውቀው ሕመም ሲመጣባት «ይኼ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂድ» ብላ ትመልሳለች እንጂ ሰው አታታልልም። ከሁሉ ይበልጥ የምትታወቀው «ቁስል አድርቅ» በምትለው ሥር ነው። ሥሩን አጥባ ትወቅጣለች፤ እጣቢውን ጓሮዋ ያለው ድንች ላይ ትደፋዋለች።

አንድ ክረምት የሰፈሩ ድንች በሙሉ በዋግ አለቀ። በሽታው መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ያደርጋል፤ በሳምንቱ ግንዱ ይሟሽሻል፤ ድንቹም አፈር ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። የአክስቷ ድንች ግን ምንም ሳይሆን ለምልሞ ቆመ። ጎረቤቶች «አስደግማበት ነው» ብለው አሙ። ደብተር ግን እጣቢውን በጠርሙስ ቀድታ ወደ ላብራቶሪ ይዛው ሄደች።

ሦስት ዓመት ፈጀባት። ዋግ የሚያመጣውን ተሕዋስ በመስታወት ሳህን ላይ እያሳደገች ከሥሩ የወጣውን ጭማቂ ጠብ ታደርግበታለች። አንዳንዱ ቀን በሽታው ባለበት ይደርቃል፤ አንዳንዱ ቀን ደግሞ ጭማቂውን ከምንም ሳይቆጥር ሳህኑን ሞልቶ ያድራል። ሥሩ ያው፣ አሠራሩ ያው፤ ልታብድ ደረሰች። መላውን የነገረቻት አክስቷ ናት።

«የቱን ነው የቆፈርሽው?» አለቻት።

«ቁስል አድርቁን ነዋ፣ እትዬ።»

«ወንዴውን ነው ሴቴዋን? ቅጠላቸውም አበባቸውም አንድ ነው። ሰብረሽ እያቸው እስቲ። ሴቴዋ ውስጧ ቀይ ቀለበት አላት፤ ሽታዋም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወንዴው ነጭ ነው። ለምንም አይሆንም፤ እንደ አንዳንዱ ወንድ።»

ደብተር እየሳቀች ሄዳ ሥሮቹን ለየቻቸው። ከዚያ በኋላ ቀይ ቀለበት ያለው አንድም ቀን አልከዳትም። በሠንጠረዧ ላይ ቀዩን «ዓይነት ሀ»፣ ነጩን «ዓይነት ለ» ብላ መዘገበች። የቀለበቱን ነገር ግን የጻፈችው በራሷ የሥራ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሩ ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እንዲያዳምጠው ሆን ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ውጤቷን ስታሳየው «ጎበዝ» አላትና የሠንጠረዦቹን ቅጂ ወሰደ። በስምንተኛው ወር ሥራው በአንድ ትልቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። የዶክተሩ ስም አለ፤ ላብራቶሪውን ረግጣ የማታውቀው የእህቱ ልጅ ስም አለ። የደብተር ስም የለም። ዕፁ «በአጋጣሚ የተገኘ» ነው ይላል። «ዓይነት ለ» የሚለው ዓምድ ከነጭራሹ ተሰርዟል፤ ያልሠራው ሙከራ ሁሉ እንዳልተሞከረ ተቆጥሮ የሠራው ብቻ ቀርቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ዶክተሩ አንድም ቀን አልጠየቃትም።

አክስቷ ይኼን ስትሰማ የክት ልብሷን ለብሳ ተቋሙ ድረስ መጣች። ዶክተሩን ያገኘችው ኮሪደር ላይ፣ ከሰዎች ጋር ቆሞ ነው።

«ምንም እንድትሰጡኝ አይደለም የመጣሁት» አለችው። «ከማን እንደሰማችሁት ጻፉ ነው የምለው። ሌላ ነገር የለኝም።»

ዶክተሩ ከላይ እስከ ታች አያት። «እናት፣ ይኼ የሳይንስ ቤት ነው። ጥንቆላ የሚሸጠው ገበያ ነው» አላት። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጤና ቁጥጥር ሠራተኞች የአክስቷ ሱቅ መጡ። «ያልተመረመረ መርዝ ለሕዝብ እየሸጠች ነው» የሚል ደብዳቤ ይዘዋል፤ ከግርጌው የዶክተሩ ፊርማ አለበት። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ቦይ ውስጥ ደፉ፤ በሩን አሸጉ። ደንበኞቿ ሱቁን ከበው ያያሉ። አክስቷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ብልቃጦቿ ሲደፉ ተመለከተች። ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ አልወጣችም። ሰው «ቁስል ይዞኛል» ብሎ በሯን ቢያንኳኳም «ረስቼዋለሁ» እያለች ትመልሰዋለች። አርባ ዓመት ሥራ ያልፈቱት እጆቿ ጭኗ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ደብተር ዶክተሩ ቢሮ ገብታ ጮኸች። እሱ አልጮኸም። «የደከመሽ ትመስያለሽ» አላት። በማግስቱ ወደ መጋዘን የሚያዛውራት ደብዳቤ ደረሳት። እንዲህ ሆኖ ነው ያን ያህል ዓመት ከሳህን ጋር የኖረች ሴት የአካፋና የጆንያ ተረካቢ የሆነችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ጀመር፤ ዶክተሩ ሰው ሁሉ እያየው እንዲዋረድ። ሲሞት ማየት አልፈለገችም። ሞት ለእሱ ዕረፍት ነው።

ጆንያዎቹ የመጡ ቀን ታዲያ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ደስታ ነው። ዶክተሩ ግኝቱን በትልቅ ማሳ ላይ ለቦርዱና ለእንግዶች ሊያሳይ ተዘጋጅቷል። ሥሩን ያስቆፈረችው የእህቱ ልጅ ናት፤ ቅጠሉን አይታ አስቆፈረች፤ ሰብራ አላየችም።

ከሰዓት በኋላ ግን ልቧ አላርፍ አላት። «አንድ ዕድል ልስጠው» ብላ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። የእህቱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች፤ ዶክተሩ ወረቀት እያነበበ ነው።

«ስለ መጣው ሥር ነበር…» አለች ደብተር ከበሩ ሳታልፍ።

ዶክተሩ ቀና አላለም። «የመጋዘን ጉዳይ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው።»

«እሺ» አለች። ደረጃውን ስትወርድ ሸክሟን ያወረደች ያህል ቀለላት። እንኳንም አልሰማኝ፣ አለች በሆዷ።

ለሙከራው የተመረጡት ማሳዎች ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የተቋሙ ናቸው። ሦስተኛው ግን ከአጥሩ ባሻገር ያለ የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሾፌሩ ሠላሳ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጦ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ መሬት ቆፋሪ ሆነ። ድንቹን በመስመር ተክሎ «ተሳፋሪዎቼ» ይላቸዋል። ባሏ የሞተባት ልጁና የልጅ ልጆቹ ዓመቱን የሚከርሙት ከዚያ ማሳ በሚወጣው ነው። ሾፌሩ ሁልጊዜ የሚረጨውን ኬሚካል እንዲተውና አዲሱን ጭማቂ እንዲሞክር ዶክተሩ ለምኖት እሺ ብሏል።

ደብተር ወደ ቤቷ የምትሄደው በዚያ በኩል ነው። ጭማቂው ሊረጭ ሁለት ቀን ሲቀረው ሾፌሩ አጥር ላይ ተደግፎ አገኛት።

«ደህና ዋልሽ ልጄ። እያቸው፤ ሁሉም ወንበር ይዘዋል፤ የቆመ ተሳፋሪ የለኝም።»

«ያማሩ ናቸው፣ ጋሼ።»

ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ መቼም። ይኼ የሚሉት ነገር ይሠራል? ዘንድሮ ኬሚካሉን እርግፍ አድርጌ ልተወው?»

እውነቱን ብትነግረው ይድናል። ግን ሾፌሩ ወሬ ሆዱ ውስጥ የማያድርለት ሰው ነው፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ዶክተሩ ጆሮ ይደርሳል፤ ሥሩ ይቀየራል፤ ሁሉም ነገር ያምርለታል። አክስቷ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች።

«ዶክተሩ ያውቃሉ፣ ጋሼ» አለችው።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ፈገግ አለላት። እሷ ምንም አላለችም ነበር።

ጭማቂው ተረጨ። ዝናቡ መጣ፤ ለዘጠኝ ቀን ሳያባራ ወረደ። በአሥረኛው ቀን ደብተር በመጋዘኑ መስኮት ወደ ተቋሙ ማሳ ስታይ በሦስተኛው መስመር ቅጠሎች ላይ ነጠብጣቡን አገኘችው። የድሮ ደብተሯን አወጣችና ቀኑን ጻፈች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጻፈች። «ዛሬ አራተኛው መስመር።» «ዛሬ ግንድ።» ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ ይመስል ጠዋት ጠዋት ቸኩላ ትመጣለች። ወደ ቤት ስትሄድ ግን መንገዷን ቀየረች፤ የሾፌሩን ማሳ ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ። ዶክተሩ ከሦስት ቀን በፊት ጉዱን አይቶ የጠቆረውን ቅጠል በሙሉ በሠራተኛ አስለቅሞ ስለነበር ከሩቅ ሲያዩት ማሳው የሳሳ ይመስላል እንጂ የታመመ አይመስልም። ሽታውን ግን ምን ያድርገው? የበሰበሰ ድንች ሽታ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እንግዶቹ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘዋል። ዶክተሩ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ ስለ ግኝቱ ይናገራል፤ ዛሬ አንገቱን የሚያሰግግለት ሰው የለም።

የቦርዱ ሰብሳቢ አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር ነበሩ። ንግግሩ ሳያልቅ ተነሡ፤ የተወጠረውን ገመድ በከዘራቸው ዝቅ አድርገው ተሻገሩና አንድ ተክል ከነሥሩ ነቀሉ። ድንቹ እጃቸው ላይ እንደ ጭቃ ፈረሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዝናቡ ዘንድሮ ከመጠን በላይ ስለሆነ…»

«ዋግ የሚመጣው በዝናብ አይደለም ወይ? በበጋ ማን መድኃኒት ይፈልጋል?» አሉት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «ጭማቂውን ያዘጋጀው ማን ነው?»

የእህቱ ልጅ መሬት መሬት አየች። ደብተር ከሠራተኞቹ መካከል ወጥታ ወደ ፊት መጣች፤ ብብቷ ሥር ሦስት ደብተሮች፣ በእጇ ደግሞ አንድ ነጭ ሥርና አንድ ባለቀይ ቀለበት ሥር ይዛለች። 

«የዛሬውን አይደለም፣ የመጀመሪያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሥሩን ያሳየችኝ አክስቴ ናት። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ሁሉም እዚህ አለ። በሽታውን የሚገድለው ይኼ ቀዩ ነው። እሳቸው ያስረጩት ነጩን ነው።»

«የመጋዘን ሠራተኛ ናት» አለ ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ።

ፕሮፌሰሯ ቆመው አነበቡ። ገጽ ገለጡ፤ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁለቱንም ሥር ሰብረው አሸተቱ። ከዚያ ቀና አሉ። «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ዓይነት ለ የሚል አለ። ያሳተምከው ጽሑፍ ላይ የት ገባ?»

ዶክተሩ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ላብ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆታል። ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ያኔ ኮሪደር ላይ የሳቁትም ያዩታል። በአጠገቧ ሲያልፍ ጠጋ ብሎ «ታውቂ ነበር» አላት፤ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ።

«አዎ» አለችው እሷም እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። በዕድሜዋ እንደዚያች ቃል የጣፈጣት ነገር የለም።

በማግስቱ መጋዘን ድረስ መጣ። ፀጉሩ አልተበጠረም። «ስምሽን አስገባለሁ። የአክስትሽንም አስገባለሁ። ብቻ ከቦርዱ ጋር ተነጋገሪልኝ፤ ልጆች አሉኝ» አላት። ተቀመጥ አላለችውም። ከመሳቢያ አንድ ባዶ ቅጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«በጽሑፍ ያቅርቡ» አለችው።

ቦርዱ ባቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ውሳኔ ዶክተሩ ከሥራ ተሰናበተ፤ ጽሑፉም ከመጽሔቱ ተሰረዘ። እንግዶቹ ከመጡ በአሥራ አንደኛው ቀን ከጤና መሥሪያ ቤቱ ለአክስቷ የይቅርታ ደብዳቤ መጣ፤ ሱቋን መክፈት ትችላለች የሚል። ደብተር ደብዳቤውን ይዛ እየበረረች ቤት ገባችና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ሥሩን እንዴት እንደሰበረች፣ እንዴት እንደፈረመች፣ ዶክተሩ እንዴት እንደላበው። ደብተር ላቡ ጋ ስትደርስ አክስቷ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ንክሻ ነበረው።

«በደንብ ላበው?»

«ሸሚዙ ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል።»

«ደግ» አለች አክስቷ። ቀጥላም «ማሳው የተቋሙ ብቻ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች።

ደብተር የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«የማን ነው?»

«የሾፌሩም አለበት፣ እትዬ። ያ ጡረተኛው። ይሠራል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር።»

አክስቷ ደብዳቤውን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «የእኔን ብልቃጥ ያስደፋው እሱ ብቻውን ነው» አለች። «የሰውየውን ድንች ግን ለሁለት ሆናችሁ ነው ያበሰበሳችሁት።» ያን ምሽት ራት አብራት አልበላችም።

ደብተር በሚቀጥለው ጠዋት ሾፌሩ ማሳ ሄደች። ሾፌሩ የበሰበሰውን እየቆፈረ በጋሪ ያወጣል። የልጁ ልጆች ገና ያልበሰበሰውን ድንች እየለቀሙ ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ፤ ቅርጫቱ ግማሽ አልሞላም። ቆማ ነገረችው። ሳትቀንስ፣ ሳታለባብስ ነገረችው።

ሾፌሩ አካፋውን አፈሩ ላይ ተከለ። «ያን ቀን ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«አንድ ቃል ነበር እኮ። አትርጭ ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር።»

«ልክ ነው።»

አልሰደባትም። ባልዲ ላይ እጁን ታጠበ፤ ዛፉ ላይ የሰቀለውን ኮት አውርዶ ለበሰ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ከዚያ አልፏት ወደ ተቋሙ በር አመራ። ስትከተለው አካሄዱን አየች፤ ጀርባው ቀጥ ብሏል፤ አይቸኩልም። የት እንደሚሄድ ገባት። እሷም ያን ቀን ደብተሮቹን ይዛ ከሠራተኞቹ መካከል ስትወጣ እንዲሁ ነበር የሄደችው።

አጣሪ ኮሚቴው ገና አልተበተነም ነበር። ሾፌሩ ገብቶ ተናገረ። ደብተርን አስጠሩና የመረከቢያውን ወረቀት ፊቷ አስቀመጡ።

«በመልካም ሁኔታ የሚለው የአንቺ ጽሑፍ ነው?» አሏት ፕሮፌሰሯ።

«የእኔ ነው። ሰውየው ያለው ሁሉ እውነት ነው።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያዘኑ ይመስላሉ። «ሥራው የአንቺና የአክስትሽ ነው፤ በስማችሁ ይወጣል። ማንም ከእንግዲህ አይወስድባችሁም። አንቺን ግን እዚህ ላቆይሽ አልችልም። የሚያየውን የሚጽፍ ሰው ነበርሽ፤ ያላየሽውን ፈረምሽ። ለሾፌሩ ተቋሙ ዘር ይሰጠዋል፤ የዘንድሮውን ግን ማናችንም አንመልስለትም።»

ልትከራከር አልፈለገችም። ዕቃዋን በካርቶን ሞላች፤ ሦስቱን ደብተሮች ከላይ አደረገች። ስትወጣ ሾፌሩ ከአዳራሹ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ኮቱን እንደቆለፈ ነው። አለፈችውና ተመለሰች።

«ቀለለዎት፣ ጋሼ?»

«ቀለለኝ» አለ። «አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል። ፊትሽን ሳየው ደስ አለኝ።» ከዚያ ካርቶኑን አየ። «እንዲህ ያለው ደስታ ስንት ቀን ይቆያል? አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«የእኔ አሥራ አንድ ቀን ቆየልኝ።»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ወደ ማሳው ፊቱን አዞረ።

«እንግዲያው እስከ አሥራ አንድ ቀን ድረስ ደጄ እንዳትደርሺ» አላት። «ከዚያ በኋላ መቆፈሪያ ይዘሽ ነይ፤ ገና ብዙ የሚወጣ ብስባሽ አለ።»